ዱባይ ለሥራ ከመዛወርዎ በፊት፦ የአንድ ሳምንት የቅኝት ጉዞ እንዴት ይደረጋል?

ዱባይ ውስጥ የሥራ ቅጥር ደብዳቤ የደረሳቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ፈርሜ ጓዜን ከማንሳቴ በፊት ለጥቂት ቀናት ሄጄ ልየው? ሄጄስ ምን ልይ?» የትኬቱንና የማረፊያውን ወጪ ከቻሉ ይሂዱ። ምን እንደሚያዩ ግን በአንድ የስልክ ጥሪ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ በተራ አስቀምጨዋለሁ።

መመሪያው በሙያቸው፣ ማለትም በሂሳብ ሥራ፣ በምህንድስና፣ በነርስነት፣ በሆቴል፣ በኮምፒውተርና በመሳሰለው፣ በጽሑፍ የቅጥር ጥያቄ ለቀረበላቸው ሰዎች ነው። ለቤት ሠራተኝነት የሚደረግ ጉዞ ፈቃድ ባላቸው ኤጀንሲዎች በኩል የሚያልፍ ሌላ መንገድ ስለሆነ እዚህ አልነካውም።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ይያዙ። ይህ ጉዞ ለሽርሽር አይደለም። ቡርጅ ኸሊፋን ለማየት በኋላ ብዙ ጊዜ ይኖርዎታል። አሁን ማየት ያለብዎት ከሥራ ቀናት አንዱ እንዴት እንደሚነጋና እንዴት እንደሚመሽ፣ የመጀመሪያው ወር ወጪም ከየት እንደሚመጣ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። ዱባይ ከአዲስ አበባ በ1 ሰዓት ትቀድማለች። እዚያ ቀጠሮ ሲሰጥዎ «9 ሰዓት» ከተባለ ጧት 3 ሰዓት ማለት ነው፤ ከቤት ወይም ከትምህርት ቤት ቀጠሮ የቀሩ ሰዎችን ስለማውቅ ስልክዎን በዚያው አቆጣጠር አስተካክለው ይያዙ።

ለጉዞው የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቢያንስ 6 ወር የሚያገለግል ፓስፖርት፣ ሁለት ቅጂው እና በስልክዎ የተነሳ ፎቶግራፉ
- የጉብኝት ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የማረፊያ ቦታ ማረጋገጫ
- የቅጥር ደብዳቤው ቅጂ
- ለማንኛውም ኔትወርክ ክፍት የሆነ ስልክና ተንቀሳቃሽ ባትሪ
- የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ከነሐኪም ማዘዣው
- ለእግር ጉዞ የሚመች ጫማ
- ቀን በቀን ወጪ የሚጻፍበት ደብተር
- ልጆች ካሉዎት የቅርብ ዓመታት የትምህርት ውጤታቸው ቅጂ

ጥብቅ ማስጠንቀቂያ። ጫት በኤምሬትስ አደንዛዥ ዕፅ ነው፤ ጥቂት እንኳ ይዞ መገኘት እስር ያስከትላል። ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው የሕመም ማስታገሻዎች ቁጥጥር የሚደረግባቸው ስለሆኑ ከአገሪቱ የጤና ባለሥልጣናት ቅድሚያ ፈቃድ ሳያገኙ አይውሰዱ። ከሁሉም በላይ ደግሞ «እዚያ የሚቀበልሽ ሰው አለ፣ ትንሽ ዕቃ ናት» ተብሎ የሚሰጥን ጥቅል፣ የቅርብ ዘመድ ቢሰጠውም፣ ፈትተው ሳያዩ አይቀበሉ። ሻንጣው የእርስዎ ከሆነ በውስጡ ላለው ሁሉ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት።

1. ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የቅጥር ደብዳቤውን በእርሳስ ያንብቡ

የማይገባዎትንና ያልተጻፈውን ሁሉ ያስምሩበት። እዚያ ሄደው የሚጠይቁት ከዚህ የሚወጣ ነው።

በመጀመሪያ መሠረታዊ ደመወዙንና አበሎቹን ይለዩ። ጠቅላላው 10,000 ድርሃም ተብሎ መሠረታዊው 4,000 ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህ ለምን ያሳስባል? አንድ ዓመት የሞላው ሠራተኛ ሲለቅ የሚያገኘው የአገልግሎት ክፍያ የሚሰላው በመሠረታዊው ደመወዝ ላይ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ ላሉት የ30 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ ነው። መሠረታዊው 4,000 ሲሆን ለአንድ ዓመት 2,800 ድርሃም፣ 6,000 ሲሆን 4,200 ድርሃም ያገኛሉ። በየወሩ እጅዎ የሚገባው እኩል ሆኖ ሳለ፣ ለዓመታት ሲጠራቀም ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ቀጥሎ ድርጅቱ የት እንደተመዘገበ ይጠይቁ። ከነፃ ቀጠና (የራሱ አስተዳደር ካለው የተከለለ የንግድ አካባቢ) ውጭ ያሉ የግል ድርጅቶች በሰው ሀብት ሚኒስቴር ሥር ስለሆኑ ደብዳቤው በሚኒስቴሩ ቅጽ መሠረት ቁጥር ያለው ሆኖ ይወጣል፤ ቁጥሩንም በሚኒስቴሩ በኩል ማጣራት ይቻላል። በነፃ ቀጠና ያሉት በየቀጠናው አስተዳደር በኩል ይሠራሉ፤ የዱባይ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ማዕከልማ የራሱ የሥራ ሕግ አለው።

በየካቲት 2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሥራ ላይ የዋለው የሥራ ሕግ የሙከራ ጊዜን ከ6 ወር እንዳይበልጥ ይገድባል፤ የቅጥርና የቪዛ ወጪንም ቀጣሪው እንዲሸፍን ያዛል። ስለዚህ «የቪዛ» ተብሎ ገንዘብ ከተጠየቁ ጉዞውን ያቁሙና መጀመሪያ ያንን ያጣሩ። እውነተኛ ቀጣሪ ይህን አይጠይቅም።

2. ጊዜውን ይምረጡ

ከሰኞ እስከ ዓርብ ያሉት ቀናት ሙሉ በሙሉ በጉዞዎ ውስጥ ይሁኑ። ከ2022 ወዲህ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዕረፍት ቀናት ቅዳሜና እሑድ ሲሆኑ ዓርብ የሚሠሩት ግማሽ ቀን ነው። ከሐሙስ እስከ እሑድ የሄደ ሰው ያየው የዕረፍት ከተማን ነው።

በረመዳን ወር አይሂዱ። የሥራ ሰዓት በቀን በሁለት ሰዓት ይቀንሳል፣ የትራፊኩም ሁኔታ ይለወጣል፤ የሚሰበስቡት መረጃ ለቀሩት አሥራ አንድ ወራት አይሆንም።

ብዙ ሰው በታኅሣሥና በጥር መሄድ ይመርጣል፣ አየሩ ደስ ስለሚል። እኔ ግን ከቻሉ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ይሂዱ እላለሁ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበትም ይጨመርበታል። በጥር አሥር ደቂቃ በእግር የሚያስደስት መንገድ በነሐሴ ልብስ የሚያስለውጥ ነው፤ መኖሪያ የሚመረጠውም በነሐሴው መንገድ ነው።

3. ቪዛውን በትክክለኛው ዓላማ ያውጡ

ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ቪዛውን ከመነሳቱ በፊት መያዝ አለበት። በአየር መንገድ፣ በጉዞ ወኪል ወይም እዚያ ባለ ዘመድ በኩል ይወጣል። ቀኑን አያሳልፉ፤ ከተፈቀደው በላይ ለቆዩበት ለእያንዳንዱ ቀን 50 ድርሃም ቅጣት አለ።

በጉብኝት ቪዛ መሥራት ክልክል ነው። ቀጣሪው «እስከዚያው ሁለት ሦስት ቀን ገብተህ ሥራውን ልመድ» ቢልዎት በትሕትና እምቢ ይበሉ። ቢሮውን መጎብኘት ይቻላል፤ ጠረጴዛ ይዞ መሥራት አይቻልም። ያለ ፈቃድ የሚያሠራ ድርጅት የሚቀጣው ከ100,000 ድርሃም ጀምሮ ነው፤ ይህን እያወቀ የሚጋብዝዎት ቀጣሪ በሌላውም ነገር ሕግ እንደማያከብር ከወዲሁ አሳየዎት።

4. በሚኖሩበት እንጂ በሚጎበኙበት ሰፈር አይረፉ

ለመከራየት አቅምዎ በሚፈቅደው ሰፈር ቀላል ሆቴል ይያዙ። ደይራ፣ አል ቁሰይስ፣ አል ናህዳ ብዙ የውጭ ሠራተኛ የሚኖርባቸው ናቸው። ደይራ ውስጥ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችም አሉ፤ ምሽት ላይ አገር የሚያውቅ ሰው የሚገኘውም እዚያ ነው። ዘመድ ቤት ማረፍ ገንዘብ ይቆጥባል፤ ሆኖም ዘመድዎ በመኪናው እየወሰደ እየመለሰዎት ከሆነ ከተማውን በእሱ ዓይን ብቻ ነው የሚያዩት። ቢያንስ ሦስት ቀን ብቻዎን ይንቀሳቀሱ።

5. በደረሱበት ቀን ሲም ካርድና ኖል ካርድ ይግዙ

ኖል የሜትሮ፣ የአውቶቡስና የትራም መክፈያ ካርድ ነው። ብርማው ካርድ 25 ድርሃም ሲሆን 19ኙ ለጉዞ የሚውል ነው። በአንድ የታሪፍ ቀጠና ውስጥ ጉዞው 3 ድርሃም፣ ወደ አጎራባች ቀጠና 5 ድርሃም፣ ከሁለት ቀጠና በላይ 7.50 ድርሃም ነው። በሜትሮው ውስጥ መብላት፣ መጠጣት፣ ማስቲካ ማኘክም ጭምር 100 ድርሃም ያስቀጣል። ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ ክፍል ስላለ ወንዶች ከመግባትዎ በፊት ወለሉ ላይ ያለውን ምልክት ይዩ።

በዋትስአፕ መልእክት መላክ ይቻላል፣ በድምፅ መደወል ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ቤተሰብዎ እንዳይጨነቅ ቦቲምን የመሰለ የተፈቀደ መተግበሪያ አስቀድመው በሁለቱም ወገን ይጫኑ።

6. የሥራ መንገዱን በሥራ ሰዓት ይሂዱበት

ከጉዞው ሁሉ ይህን ቢያደርጉ ሌላው ቢቀር አይቆጨኝም።

ሊከራዩ ካሰቡበት ሰፈር ተነስተው ወደ ሥራ ቦታው ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሂዱ፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ደግሞ ይመለሱ። ሰዓት የሚይዙት ከቤት በር እስከ ቢሮ በር ነው። ወደ ጣቢያው የሚሄዱበት የእግር መንገድ፣ የአውቶቡስ ጥበቃው፣ የባቡር መቀየሪያው ሁሉ ይቆጠር። በስልክ ካርታ ላይ 35 ደቂቃ የሚታይ መንገድ በተግባር 1 ሰዓት ከሩብ ሊፈጅ ይችላል። የሜትሮው ቀይና አረንጓዴ መስመሮች የሚገናኙባቸው ዩኒየንና ቡርጁማን ጣቢያዎች በጧት ምን ያህል እንደሚጨናነቁ ቆመው ይመልከቱ።

የዱባይ ጎረቤት የሆነችውን ሻርጃን በተለየ ሁኔታ ይፈትኑ። ኪራዩ ከዱባይ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው እዚያ እየኖረ ዱባይ ይሠራል። ሜትሮ አይደርስበትም፣ የጧቱ መንገድም ከአገሪቱ ሁሉ ከተጨናነቁት አንዱ ነው። በኪራይ ያተረፉትን ገንዘብ በየቀኑ መንገድ ላይ ከሚያጠፉት ሰዓት ጋር በደብተርዎ ጎን ለጎን ይጻፉት። ለአንዳንዱ ያዋጣዋል፤ ለአንዳንዱ፣ በተለይ ሕፃን ላለው፣ አያዋጣም።

«መኪና እገዛለሁ» ብለው ካሰቡ፣ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚያ በቀጥታ አይለወጥም፤ ትምህርት ወስዶ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል፣ ወጪውም ቀላል አይደለም። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ዕቅድዎን ያለ መኪና ያውጡ።

7. ቤት ይመልከቱ፣ አይከራዩ

ቢያንስ አምስት ቤት ይዩ፤ አንዱን በቀን፣ አንዱን በምሽት። ዓላማው ዋጋውንና የአከፋፈሉን ሥርዓት ማወቅ ነው።

በዱባይ ኪራይ የሚነገረው በዓመት ነው፤ የሚከፈለውም ብዙውን ጊዜ ቀናቸው አስቀድሞ በተጻፈባቸው ቼኮች፣ በ1፣ በ2፣ በ4 ወይም ከዚያ በላይ ተከፋፍሎ ነው። አዲስ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው፤ ቼክ ለማግኘት የባንክ ሂሳብ፣ የባንክ ሂሳብ ለመክፈት የኤምሬትስ መታወቂያ፣ መታወቂያውን ለማግኘት የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ከገቡ በኋላ ሳምንታት ይወስዳል።

ለምሳሌ ያህል ዓመታዊ ኪራዩ 50,000 ድርሃም የሆነ፣ በአራት ቼክ የሚከፈል ባዶ ቤት እንውሰድ፦

- የመጀመሪያው ቼክ፦ 12,500
- መያዣ፣ ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ፦ 2,500 (ዕቃው የተሟላ ከሆነ 10 በመቶ ይጠየቃል)
- የደላላ ኮሚሽን፣ ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ፦ 2,500
- ለመብራትና ውኃ ድርጅቱ ለዴዋ የሚቀመጥ፣ ሲለቁ የሚመለስ መያዣ፦ 2,000

ይህ 19,500 ድርሃም ነው፤ የመጀመሪያው ደመወዝ ሳይገባ፣ አንድ ፍራሽ እንኳ ሳይገዛ። ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725 የተቆራኘ ስለሆነ ከ5,300 ዶላር በላይ መሆኑ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ዘወትር በሚመጣው የዴዋ ሂሳብ ላይ የዓመት ኪራዩ 5 በመቶ በ12 ተካፍሎ እንደ ማዘጋጃ ቤት የቤት ክፍያ ይታከላል፤ በምሳሌያችን በወር 208 ድርሃም ያህል ነው።

ይህን ስሌት ይዘው ወደ ቀጣሪው ሲሄዱ የሚጠይቁት ግልጽ ይሆናል፦ ለመጀመሪያው ወር ማረፊያ፣ ወይም ከደመወዝ የሚቆረጥ የኪራይ ቅድመ ክፍያ። የሚጠየቀው ከመፈረም በፊት ነው፤ ከገቡ በኋላ ልመና ይሆናል።

በእያንዳንዱ ቤት ውስጥ እነዚህን ይጠይቁ። ማቀዝቀዣው በኪራዩ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው ለሌላ ድርጅት ይከፈላል? በአንዳንድ ሕንፃዎች ቅዝቃዜው ከማዕከል ስለሚመጣ የራሱ መያዣና የራሱ ወርሃዊ ሂሳብ አለው፤ ኪራዩን ርካሽ ያስመሰለው ይኸው ይሆናል። ውሉ በኢጃሪ፣ ማለትም በዱባይ መንግሥት የኪራይ ውል መመዝገቢያ፣ ይመዘገባል ወይ? ያልተመዘገበ ውል ዴዋ ለማስገባትም፣ ቤተሰብ ለማምጣትም፣ በክርክር ጊዜ መብት ለማስከበርም ያስቸግራል።

ማስጠንቀቂያ። ቤቱን «እንዳይወሰድብዎት» ተብሎ በጥሬ ገንዘብ ቀብድ አይክፈሉ። የደላላውን የፈቃድ ቁጥር ይጠይቁና በዱባይ መሬት አስተዳደር መተግበሪያ ያጣሩ፤ የባለቤትነት ሰነዱንም ይዩ። በየግድግዳው የሚለጠፉ የ«ቤድ ስፔስ» (በጋራ ክፍል ውስጥ የአንድ አልጋ ኪራይ) እና የ«ፓርቲሽን» (ከአንድ ክፍል ተከፍሎ የወጣ ጠባብ ክፍል) ማስታወቂያዎች ርካሽ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ በጂፕሰም የተከፋፈሉ ክፍሎች ግን ሕገ ወጥ ስለሆኑ ማዘጋጃ ቤቱ ባስለቀቀ ቁጥር ተከራዩ በአንድ ጀምበር ሜዳ ላይ ይቀራል። እሳት ሲነሳም መውጫ የላቸውም።

8. የሳምንት አስቤዛ ያስሉ

ሉሉ ወይም ካርፉር ሱፐርማርኬት ገብተው ቤትዎ በሳምንት የሚበላውን ሁሉ ዋጋ ይጻፉ፦ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ምስር፣ ሥጋ፣ ወተት። ደይራ ደግሞ የእንጀራና የበርበሬ ዋጋ ይጠይቁ። በብር አይመንዝሩ፤ በድርሃም ይተዉት፣ ምክንያቱም ደመወዝዎም በድርሃም ነው። በብር የሚመነዝሩት መጨረሻ ላይ የሚተርፈውን ብቻ ነው።

9. ልጆች ካሉ ሁለት ትምህርት ቤት ይግቡ

የዱባይ የግል ትምህርት ቤቶችን የሚመዝነው የዕውቀትና የሰው ሀብት ልማት ባለሥልጣን ነው፤ የየትምህርት ቤቱን ደረጃና የተፈቀደለትን ክፍያ በድረ ገጹ ያገኛሉ። ለመግባት የሚያስፈልገውን ሰነድ በአካል ይጠይቁ። የሕንድ ሥርዓተ ትምህርት የሚከተሉት በሚያዝያ አካባቢ፣ አብዛኞቹ ሌሎች በነሐሴ መጨረሻ ይጀምራሉ፤ ይህ የእርስዎን የመግቢያ ቀን ሊወስን ይችላል። ቤተሰብ ለማምጣት 4,000 ድርሃም ደመወዝ ወይም 3,000 ከመኖሪያ ጋር ያስፈልጋል። የሕግ ዝቅተኛው ይህ ነው፤ በዚህ ገቢ ትምህርት ቤት ከፍሎ መኖር ግን ከባድ ነው። የእርስዎ የጤና መድን በቀጣሪው ይሸፈናል፤ የቤተሰቡ ግን በደብዳቤው ላይ ካልተጻፈ በእርስዎ ላይ ይወድቃል።

10. የሥራ ቦታውን እና ሠራተኞቹን ይዩ

ቀጣሪውን አስቀድመው አስፈቅደው አንድ ሰዓት ቢሮውን ይጎብኙ። የሚቻል ከሆነ ከሚሠሩት ሁለት ሰዎች ጋር ከቢሮ ውጭ ሻይ ይጠጡ።

የአገራችን ሰው «ሥራው እንዴት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ተመስገን» ይላል። ጨዋነት እንጂ መረጃ አይደለም። ስለዚህ መልሱ ቁጥር ወይም ቀን የሆነ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ያለፈው ወር ደመወዝ በስንተኛው ቀን ገባ? ማታ ስንት ሰዓት ነው የምትወጡት? ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ለቀቀ? የዓመት ፈቃድህን መቼ ወሰድህ? ፓስፖርትህ እጅህ ላይ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ «ቢሮ አስቀምጠውታል» ከሆነ ይጠንቀቁ፤ ቀጣሪ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ አይፈቀድለትም።

11. ከመመለስዎ በፊት በነበረው ምሽት ሂሳቡን ይዝጉ

ሁለት ገጽ ይጻፉ። በአንዱ ላይ የመጀመሪያው ወር ወጪ፣ በሌላው ላይ ከስድስተኛው ወር በኋላ ያለው መደበኛ ወር። ሁለተኛው ገጽ ጥሩ ሆኖ የመጀመሪያው የማይቻል ከሆነ ችግሩ የደመወዝ ሳይሆን የመነሻ ገንዘብ ነው፤ እሱም በድርድር ይፈታል። በሁለተኛው ገጽ ራሱ ምንም ካልተረፈ፣ አገር ቤት ላሉት የሚልኩትን ጨምረው፣ ደመወዙ አልበቃም ማለት ነው።

የተለመዱ ስሕተቶች

በጉዞው መሐል መፈረም። ቀጣሪው ደስ ብሎት «እዚሁ እንጨርሰው» ሊል ይችላል። ቤትዎ ተመልሰው፣ ከቤተሰብዎ ተማክረው ይፈርሙ።

አዲስ አበባ ያለውን ሥራ አስቀድሞ መልቀቅ። የጉዞው መልስ «አይሆንም» ሊሆን እንደሚችል አይርሱ፤ የዓመት ፈቃድ ወስደው ይሂዱ።

አንድ ሰው ብቻ መጠየቅ። ብቻውን የሚኖር ወጣትና ሦስት ልጅ ያላት እናት ስለ አንድ ከተማ የሚነግሩዎት አይገጥምም። ኑሮው የእርስዎን የሚመስል ሰው ይፈልጉ።

ሰዎችን፣ በተለይ ሴቶችን፣ እንዲሁም የመንግሥትና የጸጥታ ተቋማትን ፎቶ ማንሳት። የሥራ መንገዱን ሲቀርጹ እንኳ ካሜራውን ዝቅ ያድርጉ።

12. ከተመለሱ በኋላ

በአንድ ሳምንት ውስጥ ለቀጣሪው በኢሜይል ይጻፉ። የሚጠይቁት ከሦስት ነገር አይብለጥ፤ እያንዳንዱንም ባዩት ቁጥር ይደግፉ፦ የመጀመሪያ ወር ማረፊያ፣ የመሠረታዊ ደመወዙ ድርሻ፣ የቤተሰብ የጤና መድን። የተስማሙበት ሁሉ በደብዳቤው ላይ ተጨምሮ እንዲመጣ ይጠይቁ፤ በስልክ የተባለ አይያዝም።

መልሱ ከተስተካከለ የትምህርት ማስረጃዎን ማረጋገጥ ወዲያው ይጀምሩ፤ ከሁሉም ነገር ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው። በአገር ውስጥ የሚመለከተው የትምህርት አካል ካረጋገጠው በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም አዲስ አበባ በሚገኘው የኤምሬትስ ኤምባሲ ያልፋል፤ እዚያ ሲደርሱ ደግሞ በአገሪቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይጸድቃል። ቤተሰብ የሚያመጡ ከሆነ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀቶቹንም አብረው ያስጀምሩ። ዋናውን ዲግሪ በፕላስቲክ አሽገውት ከሆነ ማኅተም ስለማያርፍበት አስቀድመው ወደ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ይሂዱ።